ለአቡጀዲው ሟች የወሰድነው ንፍሮ

ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ የልጅ ልጆቼ ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለው ይከራከሩ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ በሩ አጠገብ ተቀምጬ፣ አንድ ጆሮዬን ለምድጃው፣ አንዱን ለግቢው በር ሰጥቼ፣ ፊልሙን አየሁትም አላየሁትም። ልጇ የሞተባት አንዲት ሴት ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ አፏን ከፍታ ስትቀር ግን ትልቋ ልጅ፣ ማርታ፣ እጇን አወናጭፋ «ኧረ ይቺ ሴትዮ ትወና አታውቅም! ልጇ ሞቶባት ድምፅ እንኳ አታወጣም?» አለች፤ ወንድሟም ቀበል አድርጎ «ታሪኩስ ቢሆን መች ይታመናል» አለ። በዚያው ቅጽበት ከአጥራችን ጀርባ ያለው ብረት በያጅ ሥራ ጀመረ መሰለኝ፣ ያ ካርባይድ የሚሉት፣ ውሃ ሲነካው የሚጨስ ድንጋዩ፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚለው ሽታው በመስኮት ገባ። ብድግ አልኩ። ወዴት ልሄድ እንደተነሣሁ እንኳ አላወቅሁም። ወጥቼ የተዘጋውን የግቢ በር እንደገና ዘጋሁት፤ ገመዱ ላይ ነፋስ የሚያርገበግበውን ነጭ አንሶላ ነካ ነካ አደረግሁና ገባሁ፤ ደግሞ ወጣሁ። ያ ሽታና ያ የሚርገበገብ ነጭ ጨርቅ አንድ ላይ ሲመጡብኝ መቀመጥ አልችልም፤ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ።

ያኔ ከተማችን ናዝሬት አልተባለችም፤ ሐዳማ ነበረች። ከተማ ማለት ደግሞ የባቡር ጣቢያው፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት የተደረደሩት የግሪኮች፣ የአርመኖችና የዐረቦች ባለ ቆርቆሮ ሱቆች፣ ከዚያ ወዲያ የእኛ የሣር ጎጆዎች፣ ከዚያም ወዲያ ግራሩና አቧራው ነበር። ነፋሱ ግን የዛሬው ነው። ከተራሮቹ ተነሥቶ በሜዳው ሲወርድ የሰውን ነጠላ፣ የዶሮን ላባ፣ የባቡርን ጭስ አንድ ላይ ጠቅልሎ ይዞ ያልፍ ነበር፤ ሰውም ሲነጋገር ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ስለሚቆም፣ በሩቅ ለሚያይ የሐዳማ ሰው ሁሉ የተኳረፈ ይመስል ነበር።

እናቴን አገሩ ሁሉ እትዬ በላይነሽ ይላታል። ከምንጃር ወርዳ፣ ባቡር ሐዲድ ላይ የሚሠራ ሰው አግብታ፣ እኔን ወልዳ ጡት ሳታስጥለኝ ባሏን ንዳድ ወሰደባት። አባቴን አላውቀውም። የማውቀው በቀብሩ ቀን፣ ከሞጆ የሚመጣው ባቡር በጮኸበት ሰዓት፣ እናቴ ከየት እንዳመጣችው ሳይታወቅ ያወረደችውን ሙሾ ነው፤

ባቡሩስ ደረሰ፣ ጭሱም ታየ ከሩቅ፤
አንተ ብቻ ቀረህ፣ ማንን ሄጄ ልጠይቅ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሐዳማ ውስጥ ሰው ሞቶ እናቴ ሳትጠራ የቀረችበት ጊዜ አልነበረም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶው መካከል ትቆምና ድምጿን ከምድር ውስጥ የምታወጣው ይመስል ዝግ ብላ ትጀምራለች፤ ቀስ በቀስ ከፍ ይልና የግራሩ ጫፍ ሲደርስ፣ ከሟቹ ጋር በድንበር ሲካሰስ የኖረው ሰው ሳይቀር ደረቱን ሲደቃ ይገኛል። ጎረቤታችን ጠላ ሻጯ እትዬ ዘርፌ ከጎኗ ቆማ ትቀበላት ነበር። እትዬ ዘርፌ ድምፅ ነበራት፤ ግጥም ግን እሺ አይላትም፤ ይህም ሆዷን ሳይቆርጣት አልቀረም።

ሲኒማ የሚባለውን ነገር ይዞብን የመጣው ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ነው፤ ያኔ ፈረንጅን ሁሉ «ሙሴ» ብለን ነበር የምንጠራው። በአንድ በጋ ከድሬዳዋ በሚመጣው ባቡር ሁለት ትልልቅ ሣጥን አስጭኖ ወረደና፣ በጣቢያው ጀርባ ባለው የቆዳ መጋዘን ግድግዳ ላይ ሰፊ አቡጀዲ በሚስማር ወጠረ። ቀኑ መምሸት ሲጀምር ያንን የሚሸት ድንጋይ ውሃ ያጠጣና መብራቱን ያበራል፤ ከዚያ የማሽኑን እጀታ በእጁ እያዞረ አቡጀዲው ላይ ሰው ያስኬድበታል። ድምፅ የሚባል ነገር የለውም። የፈረንሳይ ጽሑፍ ብቅ ባለ ቁጥር ሙሴ ያኒ ማሽኑን ሳይለቅ «አሁን መጥፎ ሰው!» «አሁን ፍቅር!» «አሁን ብዙ መጥፎ ሰው!» እያለ ይጮኽልናል። ነፋስ ሲመጣ አቡጀዲው ስለሚነፋ፣ መልከ መልካሙ ጀግና በድንገት ቦርጫም ይሆንና ሕዝቡ በሣቅ ይፈርሳል፤ የቆዳው ግማት ግን ሣቁንም እየቀጣ ነበር።

ያየነው የመጀመሪያው ሥዕል ሪዛም ሰው ያለበት ነው። ሪዛሙ በፈረስ ይሄዳል፣ ጠላቶቹ ያሳድዱታል፣ እሱም ዞር እያለ ይተኩሳል። ዘመናቸውን ሁሉ በጦር ሜዳ የኖሩት ባሻ ደስታ ከፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። «ሰባት! ስምንት! ኧረ ይሄ ሰው መቼ አጎረሰው? በእግዜር፣ መቼ አጎረሰው?» ብለው ሲነሡ ከኋላ ያለው «ባሻ ይቀመጡልን! ጠመንጃው የፈረንጅ ነው!» ይላቸዋል። ግመሎቻቸውን ከሜዳው አምጥተው ጣቢያው አጠገብ የሚያሳርፉት ኦቦ ጂሎ ደግሞ ሰውየውን ከመጤፍም አልቆጠሩት፤ ዓይናቸው ፈረሱ ላይ ነበር። «ሰዎቹ ይጫወታሉ፤ ፈረሱ ግን የምሩን ደክሞታል። ላቡን እዩት!» አሉ። እስከ ዛሬ ድረስ ስለ ትወና ከሰማሁት ፍርድ ሁሉ ይኼ ሳይሻል አይቀርም።

መጨረሻ ላይ ሪዛሙ ተመታ። ወደቀ። ቀኝ እጁ ከድንጋዩ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች፣ አፉም ትንሽ ተከፈተ፤ ሚስቱ እየሮጠች መጥታ ተደፋችበት። እንግዲህ ሰው ሲሞት ዐይቶ ዝም ብሎ መቀመጥ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ሴቶቹ ተነሡ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ እናቴ ወደ አቡጀዲው ቀረብ ብላ ቆመችና፣ አገሩንም ስሙንም ለማታውቀው ለዚያ ሰው ሙሾ አወረደች። ሙሴ ያኒ ደንግጦ እጀታውን ለቀቀ፤ ሥዕሉም ሟቹ ላይ ቆሞ ቀረ፤ እኛም ሬሳው እንደተዘረጋልን ቆጥረን እስኪበቃን አለቀስን።

ያ ሳይበቃን በማግሥቱ ሟቹ ዘመድ የለውም ወይ ተባለ። ሪዛሙ ፈረንጅ ነው፤ ሙሴ ያኒም ፈረንጅ ነው፤ ይዞት የመጣውም እሱ ነው። ስለዚህ ሴቶቹ ስንዴና ሽምብራ ቀቅለው፣ ንፍሮውን በሰፌድ ይዘው፣ እኔም በእናቴ ቀሚስ ተንጠልጥዬ፣ ሙሴ ያኒ ወደ ተከራየው ቤት ሄድንና «እግዜር ያጥናህ» አልነው። ሙሴ ያኒ ፊቱ በራ። ንፍሮውን በእፍኙ እየዘገነ፣ ጨው ጨመር እያደረገ፣ «ጥሩ ሰው! ሐዳማ ጥሩ ሰው!» እያለ ሰፌዱን ባዶ አደረገው። ስንወጣ እትዬ ዘርፌ ነጠላዋን እያጣፋች «ወንድሙ ሞቶ እንዲህ የሚበላስ አይቼ አላውቅም» አለች፤ እናቴም «ተይው፣ ኀዘን ሲበዛ ያስርባል» ብላ አስተባበለችለት።

ሦስት ሳምንት አለፈና ሙሴ ያኒ አዲስ ሥዕል አመጣ። ድንኳን፣ ሙዚቀኞች፣ ሠርግ። ሙሽራው ዞር ሲል ሪዙን ተላጭቷል እንጂ ያው የእኛ ሟች ነው!

የተነሣውን ጩኸት የጣቢያው ዘበኛ ሰምቶ መጣ። ኦቦ ጂሎ ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ «ዱጋ ሚቲ! ዱጋ ሚቲ!» አሉ፤ እውነት አይደለም ማለታቸው ነው። ባሻ ደስታ «ጥይቱን ስቆጥር ዝም በሉ ብላችሁኝ ነበር፤ ይኸው!» እያሉ ዞሩ። እትዬ ዘርፌ «ንፍሯችንን መልስ!» ብላ ያኒን በኮቱ ያዘችው። እሱም በላብ ተጠምቆ፣ ባለው አማርኛ ሁሉ፣ አንድ ነገር ተናገረ። «ሥራ ነው፣ ማዳም! ሥራ! መሞት ሥራው፣ ማልቀስ ሥራዋ!»

ከዚያ በኋላ ሐዳማ ሌላ ወሬ አልነበራትም። በገበያው፣ በጉድጓዱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ክርክሩ ይኼው ነበር። ግማሹ «ሳይሞቱ ሞትን ማሳመን ትልቅ ተሰጥኦ ነው» ይላል፤ ግማሹ «ሐሰት ነው፣ ታሪኩም ስንጥቅ በስንጥቅ ነው» ይላል። ሰው ስለ ለቅሶ ሲከራከር መቼም እናቴን መጠየቁ አይቀርም፤ አንድ ቀን በእትዬ ዘርፌ ቤት ደጅ፣ ሙሴ ያኒም ባለበት፣ ባሻ ደስታ «በላይነሽ፣ ሙያው የአንቺ ነው፤ ያቺ ሚስቱ ታውቅበታለች?» አሏት።

እናቴ አሰብ አድርጋ «አታውቅበትም» አለች። «ድምፅ የሌለው ለቅሶ ለቅሶ አይደለም።»

«ማሽን ድምፅ የለውም፣ ማዳም!» አለ ያኒ።

«ማሽንህ ባይኖረው አንገቷስ? ከአንጀቷ የምትጮኽ ሴት የአንገቷ ሥር ይገተራል። የሷ አንገት እንደ ገንቦ አንገት ለስላሳ ነው። ባሏን ሳይሆን ቀሚሷን ነው የምታስበው።»

ሰዉ ሁሉ አደነቀ። እኔም በኩራት ደረቴን ነፋሁ። ያን ጊዜ እትዬ ዘርፌ ጠላ የምትቀዳበትን ጣሳ አስቀምጣ፣ እየሣቀች፣ «አይ በላይነሽ! ማልቀስ ሥራዋ ከሆነማ አንቺስ ከሷ በምን ትለያለሽ? ለማታውቂው ሰው ያን ሁሉ እንባ ከየት እያመጣሽው ነው?» አለቻት። ሣቁ ደጁን ሞላው። እናቴ አልሣቀችም፣ አልተቆጣችም። «እኔ መች ለሞተው አለቀስኩ?» አለች። «ማልቀስ ላቃተው ነው የማለቅስለት።» ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች።

ይህ መልስ ዛሬ ይገባኛል። የዘጠኝ ዓመት ልጅን ግን አላሳረፈም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለቅሶ ቤት በሄድን ቁጥር ሰዉን ትቼ የእናቴን ፊት እከታተላለሁ። የአንገቷ ሥር ይገተራል፣ እንባዋም ይወርዳል፤ ነገር ግን ወደ ቤት ስንመለስ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አድርጋ «የሺ፣ ዶሮዎቹን አስገብተሻል?» ትለኛለች፤ ድምጿ እንደማንኛውም ቀን ነው። አሁን ያየሁት እውነት ነበር ወይስ ሥራ? አባቴንስ ያለቀሰችው እንዲሁ ነበር? ከሁሉ የባሰው ጥያቄ ደግሞ ሌሊትም ቀንም አለቀቀኝም፤ እኔ ብሞት በየትኛው እንባዋ ታለቅሰኛለች? ማንን ልጠይቅ? እሷን እንዳልጠይቅ መልሷም ሥራ ቢሆንስ?

እናም ሟቹ ሪዛም ያስተማረኝን አደረግሁ።

የንዳድ ጊዜ ነበር፤ በየመንደሩ ልጅ ይታመማል። እናቴ ለለቅሶ ወጥታ ከቀትር በኋላ እንደምትመለስ አውቃለሁ። ከንፈሬን ዐመድ ነካ ነካ አደረግሁበት፣ መደቡ ላይ በጀርባዬ ተጋደምኩ፣ ቀኝ እጄን ከመደቡ አንጠለጠልኩ፣ አፌን ትንሽ ከፈትኩ። በልቤም ሙሾው ምን እንደሚል አስብ ነበር፤ ስለ ጸጉሬ ይሆናል፣ ስለ ሩጫዬ ይሆናል። የምታወርደው ሙሾ ከአባቴው ካማረ እወደዳለሁ ማለት ነው ብዬ ወስኛለሁ። ነፋሱ በሩን ገጭ ገጭ ያደርገዋል። እግሯን ሰማሁ።

«የሺ» አለች። «የሺዬ!» ቀረብ አለች። እጄን አነሣችና ለቀቀቻት፤ እኔም እንደ አቡጀዲው ሰው እንድትወድቅ ተውኳት። ትንፋሼን ይዤ ሙሾውን ጠበቅሁ። ጠበቅሁ። ምንም የለም። ነፋሱና በሩ ብቻ። ልቤ በንዴት ሞላ፤ ይኸው፣ ለሰው ሁሉ አላት፣ ለእኔ የላትም አልኩ፤ አንድ ዓይኔን በስሱ ከፈትኩ።

እናቴ በጉልበቷ ወድቃለች። አፏ ተከፍቷል። የአንገቷ ሥር እንደ ገመድ ተገትሯል፤ ደረቷ ይወጣል ይወርዳል፤ በሁለት እጇ አየሩን ትይዛለች ትለቃለች። ድምፅ ግን የለም። ያንን የግራር ጫፍ የሚደርስ ድምፅ አንድ ሰው እጀታውን ለቆ ያቆመባት ይመስል ነበር።

«እማዬ፣ አለሁ! አለሁ እማዬ! ጨዋታ ነው!» ብዬ ዘለልኩ።

አልመታችኝም። ብትመታኝ ኖሮ ስንት ዓመት ባረፍኩ። አየችኝና ሁለቱን እግሮቼን ያዘች፣ ውስጥ እግሬን በመዳፏ አሸት አሸት አደረገች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። ያለችውን ግን አነበብኩት፤ «ትሞቃለች» ነው ያለችው።

ለብዙ ቀን ድምጿ ተዘጋ። ሰው ሲጠይቃት ጉሮሮዋን እያሳየች ብርድ መታኝ ትላለች በምልክት። በኋላ መናገር ቻለች፤ የተመለሰላት ግን ሻካራ፣ ዝቅ ያለ፣ ለቤት ብቻ የሚበቃ ድምፅ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ባሻ ደስታ ሞቱ፤ ልጆቻቸው መጥተው ጠሯት። እንደ ልማዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መካከል ቆመች። አፏን ከፈተች፣ የአንገቷ ሥር ተገተረ፤ ምንም አልመጣም። ያንን ቀን ዓመታት ስትጠብቅ የኖረችው እትዬ ዘርፌ ቦታውን ያዘችና አንድ ግጥም ጀመረች፤ መሐል ላይ አቋረጠችው። ዞር ብላ «በላይነሽ፣ እባክሽ አንቺ ጀምሪው፤ እኔ የቀልዴን ነው ያን ጊዜ» አለች። እናቴ ራሷን ነቀነቀች፤ እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ። እትዬ ዘርፌ አንገቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ያን ቀን ያለ ግጥም፣ ያለ ዜማ፣ ሁሉም እንደየመጣለት አለቀሰ። ስንመለስ ኦቦ ጂሎ እናቴን በዓይናቸው ሸኝተው ዝግ ብለው «ዱጋ» አሉ። እውነት።

ሐዳማ ውስጥ ያ ድምፅ ከዚያ በኋላ አልተሰማም። እናቴም ምክንያቱን ለማንም አልተናገረችም፤ ብርድ ነው እንዳለች ኖረች፤ እኔም እስከ ዛሬ ለሰው አልተነፈስኩትም። ጣሊያን ሊገባ ሲል ሙሴ ያኒ ሣጥኖቹን ጭኖ ሄደ፤ የቆዳ መጋዘኑም ፈረሰ፤ ከተማው ስሙን ቀይሮ ሲኒማ ቤት ሠራ፤ ጥላ ሞተ ብሎ ንፍሮ የሚቀቅል ሰው ግን ከዚያ ወዲያ አላየሁም። እናቴ እስክታረጅ ድረስ፣ ልጆች ወልጄ እንኳ፣ ተኝቼ ባገኘችኝ ቁጥር እግሬን ሳትነካ አታልፍም ነበር። የሞተች ቀን ሙሾ ላወርድላት ቆምኩ። ያ ሁሉ ዓመት ስሰማው ከኖርኩት አፌ ላይ የመጣው የአባቴ ብቻ ነው፤ ባቡሩስ ደረሰ፣ ጭሱም ታየ ከሩቅ። ሁለተኛውን መስመር ሳልጨርሰው ቀረሁ።

እሑድ ዕለት ሁለተኛ ጊዜ ተመልሼ ስገባ ፊልሙ አልቆ ክርክሩ አላለቀም ነበር። «እማማ፣ አንቺ ፍረጂን» አለች ማርታ። «ያቺ ሴትዮ ታውቅበታለች?»

«የአንገቷን ሥር አይተሽዋል?» አልኳት።

«የምኗን?»

«ተገትሮ ነበር።»

«ታዲያ ድምፅ አላወጣችማ!» አለች፤ ወንድሟም ሣቀ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ክርክር አለፉ። ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝና ዘጋሁት። ትንሿ ልጅ፣ ሣራ፣ ክርክሩ ሰልችቷት ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ ቀኝ እጇ ወደ መሬት ተንጠልጥላለች፣ አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና ውስጥ እግሯን በመዳፌ ያዝኩት።

«ኧረ እማማ፣ እጅሽ ይቀዘቅዛል!» ብላ በእንቅልፍ ልቧ ረገጠችኝ።

ትሞቃለች።